«መስቀልሽ ነው» ለተባለችው የድሬ ልጅ

«እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ ነው። ዕድሜዬ 34 ነው። እናቴ በስትሮክ ከወደቀች ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው። ግራ ጎኗ አይንቀሳቀስም፤ ንግግሯም ተይዟል፣ አንዳንድ ቃል ብቻ ነው የሚወጣላት። የማጎርሳት፣ ገላዋን የማጥበው፣ የማገላብጣት እኔ ነኝ። አስተማሪ ነበርኩ፤ ሥራዬን ከተውኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ።

ወንድሜ ካናዳ ነው፣ እህቴ አዲስ አበባ። ወንድሜ በየዓመቱ ለታኅሣሥ ገብርኤል ይመጣል። ቁልቢ ወጥቶ ስለቱን ያስገባል፣ እኛ ጋ ሁለት ቀን ያድራል፣ እናቴን ስሞ ያለቅሳል፣ ይሄዳል። ባለፈው «ይሄ የአንቺ መስቀል ነው፤ ተሸከሚው፣ ጽድቁም የአንቺ ነው» አለኝ። ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ ይባል የለ? እኔ ጽድቁ ቀርቶብኝ አንድ ሌሊት በተኛሁ ነው የምለው። አንዲት የሰፈራችን ሴትዮ ደግሞ «ከላይ የመጣ ቅጣት ነው፤ ከአንዳችሁ የሆነ ነገር አለ፣ ንስሐ ግቡ» አለችኝ። ገብተናል። ተስለናል። ጠበልም ተጠምቃለች። አልዳነችም።

አሁን የምነግርዎትን ለማንም አልተናገርኩም። አንዳንድ ሌሊት «ምነው በገላገላት» እላለሁ። ከዚያ «እሷን ነው እኔን?» ብዬ እደነግጣለሁ። ባለፈው ወር ሙቀቱ አላስተኛን ብሎ፣ ለሦስተኛ ጊዜ አንሶላ ስቀይር እጇን ጨምድጄ ያዝኩት። ጠዋት ሳየው ሰንበር ሠርቷል። እሷ ምንም አላለችኝም።

ሙስሊም ጎረቤት አሉን፣ እንደ እናት ናቸው። «እሁድ እሁድ እኔ ልቀመጥላት፣ አንቺ ቤተ ክርስቲያንሽ ሂጂ» ይሉኛል። እምቢ እላለሁ፤ ግዴታው የእኔ ነው። ስቅለት ሄጄ ከሰገድኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። የሚጠብቀኝ ሰው አለ፣ እሱንም እየታከተው ነው። ፍቅር መሥዋዕትነት ነው ይላሉ። መሥዋዕቱን እየከፈልኩ ነው፤ ፍቅሩ ግን እየጠፋብኝ ነው። መከራ ትርጉም አለው የሚባለው እውነት ነው? ከሆነ እኔ ጋ ለምን አልደረሰም?»

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ጊዜ ዓይኔ የቀረው የመጨረሻው ጥያቄሽ ላይ ሳይሆን ሰንበሩ ላይ ነው። ስለዚህ ከሰንበሩ ልጀምር። መስቀሉንም መከራውንም እየሄድን እናገኘዋለን።

ቄስ አይደለሁም፣ የመጽሐፍ መምህርም አይደለሁም። ከዚራ ተወልጄ ያደግኩ፣ አማቴን አራት ዓመት ያስታመምኩ የድሬ ሴት ነኝ። እሳቸውም እንደ እናትሽ አልጋ ላይ ነበሩ። እኔ ደግሞ ጎበዝ አስታማሚ ነበርኩ። ጎበዝ መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ እኔው ስለምነግራቸው። በቀን ስንት አንሶላ እንዳጠብኩ እቆጥር ነበር። ቁጥሩን ቡና ላይ አነሳዋለሁ፣ ለቅሶ ቤት አነሳዋለሁ፣ አንድ ጊዜ ለባጃጅ ሹፌር ሳይቀር ነግሬዋለሁ። «ላግዝሽ» የሚለኝን ሰው «አይ፣ እሳቸው ከእኔ እጅ ሌላ አይፈልጉም» እለዋለሁ። ውሸቴን ነበር። የማልፈልገው እኔ ነኝ። ድካሙን የተካፈለኝ ሰው ጽድቁንም የሚካፈለኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ማታ ጨርቅ ነክሬ ጀርባቸውን እያሸሁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ቀስ ብለው «ልጄ፣ ነገ እንኳን ሌላ ሰው ቢያጥበኝ» አሉኝ። አልመታኋቸውም። ክፉ ቃልም አልወጣኝም። እጄ ግን ሲናገር ቆይቶ ነበር። የተኛ ሰው የእጅ ቋንቋ ያውቃል፤ ሌላው ሁሉ ሲወሰድበት የቀረው እሱ ነዋ።

ስለዚህ ሰንበሩን ስታዪ ምን እንደተሰማሽ አውቃለሁ። ግን «ምንም አይደል» አልልሽም። እናትሽን ይቅርታ ጠይቂያት። መመለስ ባትችልም ትሰማሻለች። ለንስሐ አባትሽም ንገሪያቸው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌሊቱን ብቻሽን መዋጋት አቁሚ። እጅሽ ዳግመኛ ሊጨመድድ ሲቃጣው ካወቅሽ አንሶላው ይቆይ፤ ከክፍሉ ውጪ፣ ግቢ ውስጥ ቁጭ በዪ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ጎረቤትሽን ጥሪያቸው። ክፉ ስለሆንሽ አይደለም እንዲህ የምልሽ። ስድስት ዓመት ያልተኛ ሰው ደግነቱ የት እንደሚያልቅ አያውቅም። እያለቀ ሳለም አይታወቀውም።

«ምነው በገላገላት» ማለትሽስ? ነቢዩ ኤልያስ ከዚህ የባሰ ብሏል። ከኤልዛቤል ሸሽቶ የአንድ ቀን መንገድ በምድረ በዳ ሄደና ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» አለ። እዚህ ላይ ተግሣጽ ትጠብቂያለሽ። የለም። መልአኩ ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። ራስጌው የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ ቀሰቀሰው፤ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። ጥያቄና መልሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ኮሬብ ተራራ ላይ። አንቺም የትርጉም ጥያቄሽ የተወሰነው እንቅልፍ ማጣት ነው። በሙሉ አላልኩም። የተወሰነው።

ደግሞ የእኛ ሰው ታማሚ ሲሰቃይ «አቤቱ፣ ወይ ማራት ወይ ውሰዳት» ብሎ ይጸልያል። ሽማግሌዎቹ ሲሉት ጸሎት ነው፤ አንቺ ስትዪው ወንጀል የሚሆንበት ምክንያት የለም። የእሷ ዕረፍት ከራስሽ ዕረፍት ጋር ተደባልቆብሽ ከሆነ ተደባልቋል በቃ። እግዚአብሔር የተደባለቀ ጸሎት መስማት ለምዷል።

አሁን ወደ ሴትዮዋ። ድሬ የኖረ ሰው ይሄን ንግግር ያውቀዋል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድብን፣ ሬሳ ተፈልጎ ሳያልቅ «ከተማዋ ስለጨፈረች ነው፣ ስለቃመች ነው» የሚል አልጠፋም። ውኃው ከሄደ በኋላ አሸዋው ላይ አንዲት የሕፃን ጫማ አየሁ። የዚያ ሕፃን ኃጢአት ምን እንደነበረ ግን ማንም አልነገረኝም።

ጌታ ራሱ ይሄን ነገር አንስቶታል። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው ገድሎ ነበር። ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው ሁሉ ይልቅ በደለኞች ስለነበሩ ይመስላችኋል? አላቸው። እስኪመልሱለትም አልጠበቀም፤ «አይደለም» አለ። ንስሐ ግቡም ብሏል፣ እውነት ነው። የተናገረው ግን ቆመው ለሚሰሙት ስለ ራሳቸው ነው፤ ግንብ ስለወደቀባቸው አይደለም። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜም ደቀ መዛሙርቱ «እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ኃጢአት የሠሩት?» ብለው ጠየቁ። እሱም አልሠራም፣ ወላጆቹም አልሠሩም አለና ምራቁን በአፈር ለውሶ ሰውየውን ወደ ማከሙ ገባ።

የኢዮብ ወዳጆችም ነገር እንዲሁ ነው። ሲመጡ ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ለቅሶ መድረስ ያውቁ ነበር ማለት ነው። የተበላሸው አፋቸውን የከፈቱ ቀን ነው። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው ቀኑን በረገመው በኢዮብ ላይ ሳይሆን፣ ለእግዚአብሔር ጥብቅና ቆመናል ብለው ኢዮብን በወነጀሉት በእነሱ ላይ ነው። ሴትዮዋ ዳግመኛ ከመጣች ቡና አፍይላት፣ ወሬ አስቀይሪያት።

«መከራ ትርጉም አለው ወይ?» ላልሽው እኔ የማምነውን ልንገርሽ። የእናትሽ ስትሮክ የተመሠጠረ መልእክት አይመስለኝም። ስትሮክ ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣ ነው፤ ከኋላው ብዙ ጊዜ ደም ግፊት አለ። መከራን ፈተና ነው፣ መጥሪያ ነው የሚሉ አባቶች አሉ። ሰው ስለ ገዛ መከራው እንዲህ ሲል ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ። ስለ ጎረቤቱ መከራ ሲል ግን ደስ አይለኝም። የራስሽን ቁስል ራስሽ ካነበብሽው ጸሎት ይሆናል። ሌላ ሰው ካነበበልሽ ግን እንደ ጠንቋይ ቤት ነገር ይሆንብኛል።

ክርስቶስም ሲያስተምር ስለ መከራ ምክንያት ረጅም ማብራሪያ አልተወልንም። አልዓዛር መቃብር አጠገብ ያደረገውን አስቢ። ትንሽ ቆይቶ እንደሚያስነሳው ያውቃል። ለማርታና ለማርያም «ቆዩ፣ አሁን ታያላችሁ» ሊላቸው ይችል ነበር። አለቀሰ። ዓርብ ዕለት ደግሞ መስቀሉ ላይ ሆኖ «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ስለ ምን ተውኸኝ?» አለ። ይሄ የዳዊት መዝሙር መነሻ ነው፤ ሕፃን ሆኖ ከእናቱ ሳይሰማው አይቀርም። በዚያች ሰዓት ከሰማይ መልስ መጣ ተብሎ አልተጻፈም። ስለዚህ «ለምን ማለት አለማመን ነው» የሚልሽ ሰው ካለ፣ ስቅለት ዕለት የት ነበርክ በዪው።

ቁልቢም የሚያስተምረን ይሄንኑ ነው፤ እኛ ግን ስለቱ ላይ እንቆማለን። ታኅሣሥ 19 የሚከበረው መልአኩ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣበት ነው። ሦስቱ ወጣቶች እቶኑ ፊት ቆመው ለንጉሡ የተናገሩት ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው፣ አምላካችን ሊያድነን ይችላል። ሁለተኛው፣ ባያድነንም ለምስልህ አንሰግድም። የደንገጎን ዳገት በእግሩ የሚወጣው፣ ድንጋይ በጀርባው አዝሎ የሚሄደው ሁሉ የመጀመሪያውን ይዞ ነው የሚሄደው፤ እኔም ጭምር። «ባያድነንም» የሚለውን ይዘሽ ስድስት ዓመት የኖርሽው አንቺ ነሽ። ስለታችሁ አልሰመረም ማለት ሳትሰሙ ቀራችሁ ማለት አይደለም። እዚያም እሳቱ አልጠፋላቸውም። አራተኛው መጥቶ እሳቱ ውስጥ አብሯቸው ተመላለሰ።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። «መሥዋዕቱን እየከፈልኩ ነው፣ ፍቅሩ ግን እየጠፋብኝ ነው» ብለሻል። ይሄን ከአንቺ በፊት ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፎታል፤ ያለኝን ሁሉ ለድሆች ባካፍል፣ ሥጋዬንም ለእሳት አሳልፌ ብሰጥ፣ ፍቅር ግን ከሌለኝ ምንም አይጠቅመኝም። እኔ ይሄን ቃል በየሠርጉ እሰማው ነበር። ያኔ ስለ ሙሽሮች ይመስለኝ ነበር። አማቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ካዞሩ በኋላ ግን ስለ እኔ ሆነ። ለካ ሰው ያለ ፍቅር ራሱን ማቃጠል ይችላል! ለካ መሥዋዕትና ፍቅር ሁለት ነገር ናቸው። አንዱ ሲጨምር ሌላው ላይጨምር ይችላል።

መስቀሉን ውድ ያደረገው የሕመሙ ብዛት ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ዘመን ሮማውያን የሰቀሉት ብዙ ሰው ነው፤ በዚያው ቀን እንኳ በግራና በቀኝ ሁለት ነበሩ። ችንካሩ ለሦስቱም ያው ነው። እሱ ግን ስለ ነፍሱ ቀድሞ ተናግሯል፤ «እኔ በፈቃዴ አኖራታለሁ እንጂ ከእኔ ማንም አይወስዳትም» ብሎ። በፈቃዴ። ጌቴሴማኒ ውስጥም ጽዋውን አልተመኘውም፤ የሚቻል ከሆነ ትለፍ ብሎ ለምኗል። ስቃይን የወደደ ሰው እንዲህ አይጸልይም። የወደደው እኛን ነው። ስቃዩ መንገድ ላይ ነበርና አለፈበት።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ በዪው። ስቃዩ ራሱ ቅዱስ ካልሆነ፣ ስቃይሽን የሚቀንስልሽ ሰው ጽድቅሽን አይቀንስብሽም።

መስቀል ስትዪ ደግሞ ጌታ መስቀሉን ብቻውን እስከ መጨረሻው እንዳልተሸከመው አትርሺ። ስምዖን የሚባል የቀሬና ሰው ከገጠር ሲመጣ አስገድደው አሸከሙት። ስምዖን ደስ ብሎት አልነበረም። ጌታ ግን «ተወው፣ የእኔ መስቀል ነው» አላለም። ማርቆስ የስምዖንን ልጆች እስክንድሮስንና ሩፎስን በስም ይጠራቸዋል፤ አንባቢዎቹ የሚያውቋቸው ሰዎች ይመስላሉ። ያ በግድ የተሸከመው ግንድ ቤቱ ገብቶ ልጆቹን ሳይደርስ አልቀረም። አንቺ ግን ለማገዝ በፈቃዳቸው በርሽን የሚያንኳኩትን ሴት ነው የምትመልሺው።

ሌላም አለ፤ ይሄ ለብዙ አስታማሚ ከብዶ አያለሁ። ጌታ መስቀሉ ላይ እያለ እናቱን ለሌላ ሰው አደራ ሰጠ። ዮሐንስን «እናትህ እነኋት» አለው፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት። እናትን ለሚያምኑት ሰው ማስረከብ ፍቅር ማጉደል ቢሆን፣ እሱ በዚያች ሰዓት ባላደረገው።

ሐሙስ ማታ እግር ሲያጥብም ጴጥሮስ «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» ብሎ ነበር። ትሕትና ይመስላል። ጌታ ግን ካላጠብሁህ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም አለው። ቤትሽ ውስጥ ጴጥሮስ ሁለት ነው። አንዷ እናትሽ ናት፤ በወለደቻት ልጅ መታጠብ ምን ያህል ቀሊል ይመስልሻል? ሁለተኛዋ አንቺ ነሽ። እናትሽ ምርጫ ስላልነበራት መቀበልን ተምራለች። አንቺ ምርጫ ስላለሽ አልተማርሽም።

የሙስሊሟን ጎረቤትሽን ነገር ደግሞ ለሌላ አገር ሰው ብነግረው ይደነቃል። ለድሬ ልጅ ወሬ አይደለም፤ ስንወለድም ስንቀበርም አብረውን ናቸው። ጌታ ባልንጀራ ማነው ተብሎ ሲጠየቅ የመረጠው ሰውም ከማኅበረ ምእመናኑ አልነበረም፤ ሳምራዊ ነበር። ታሪኩን ብዙ ሰው መሐሉ ላይ ያቆመዋል። ሳምራዊው ቁስሉን አሠረ፣ በአህያው ጭኖ ማደሪያ አገባው፣ አደረ። በማግሥቱ ግን ሁለት ዲናር አውጥቶ ለእንግዳ ቤቱ ጠባቂ ሰጠና «ጠብቀው፤ የምትከስረውን ስመለስ እከፍልሃለሁ» ብሎ ወደ ጉዳዩ ሄደ። ሥራውን ትቶ ስድስት ዓመት አልጋው ሥር አልተኛም። ገንዘብ ከፈለ፣ ሌላ ሰው ቀጠረ፣ ሊመለስ ቃል ገባ። በጎ ሳምራዊ የምንለው ይሄን ሰው ነው።

ሐረር አጠገብ ያለውን የቢሲዲሞ ሆስፒታልም አስቢ። የሥጋ ደዌ ታማሚ ከሰው ተለይቶ በሚጣልበት ዘመን፣ ሌላው ሰው ለመንካት የሚፈራውን ቁስል ለማጠብ የተቋቋመ ቦታ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቷል። ይሄን ያህል ዘመን የኖረው እዚያ የሚሠሩት መላእክት ስለሆኑ ይመስልሻል? ተረኛ ስላላቸው ነው። የሌሊቱ ሲወጣ የቀኑ ይገባል።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆጣ ይቅር በዪኝ። ጌታ መስቀሉን ተሸክሞ ይከተለኝ ሲል ስለ ራሱ ለሚወስን ሰው ነው። ከካናዳ ሆኖ የእህትን ትከሻ የሚለካ ሰው የሚጠቀስበት ቦታ ሌላ ነው፤ ከባድ ሸክም አሥረው በሰው ትከሻ ይጭናሉ፣ እነሱ ግን በጣታቸው እንኳ ሊነኩት አይወዱም የተባለበት። ለወላጅ መዋል የሚገባውን ገንዘብ «ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል» ብለው ከአባትና እናታቸው የሚያሸሹ ሰዎችንም በግልጽ ገሥጿል፤ ማርቆስ ምዕራፍ 7 ላይ አለልሽ። ስለት ይግባ። ገብርኤልም ይመሰገን። ነገር ግን የቁልቢ ጃንጥላ እናት አያገላብጥም።

ክፉ ልጅ ነው ማለቴ አይደለም። የሚያለቅሰው እውነቱን ነው። የማያውቀውን ሌሊት ግን አንቺም አልነገርሽውም፤ እንደ እኔ ጎበዝ ሆነሽ ነው የምታሳዪው። ስለዚህ ጻፊለት። «እርዳኝ» ብለሽ አትጻፊ፤ እሱን ብትዪው በዓመት በዓል አንድ ጊዜ ብር ይልካል። የሚያስፈልገውን በስሙ ጥሪለት። ሌሊት የምታድር አጋዥ የወር ደመወዝ፣ በየወሩ ሳይቆራረጥ። የአልጋ ቁስልን የሚቀንስ የአየር ፍራሽ። ታኅሣሥ ሲመጣ ሁለት ቀን ሳይሆን ሁለት ሳምንት፤ ሌሊቱን እሱ ያድራል፣ አንቺ ከቤት ውጪ ትተኛለሽ። ለእህትሽም እንዲሁ፤ ከአዲስ አበባ ድሬ ባሕር ማቋረጥ የለውም። ስለ ሰንበሩም ንገሪያቸው። ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። እነሱን ከመቀመጫቸው የሚያስነሳው ግን እሱ ነው።

አጋዧ ስትመጣ ሌሊትም ቀንም በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥን አሳያት፤ የቀላ ቦታ ካየች እንዳታሸው። አማቴ ላይ ሳላውቅ ያጠፋሁት ስለሆነ ነው የምነግርሽ። ንስሐ አባትሽንም ጥሪና ጸሎተ ቀንዲል እንዲያደርሱላት ለምኚያቸው። ለታመመ ሰው የተሠራ ምሥጢር ነው፤ ስለ እናትሽ ስትይ ብቻ ሳይሆን፣ ቤትሽ ውስጥ አንድ ቀን ሌላ ሰው ቆሞ እንዲጸልይላት።

የሚጠብቅሽን ልጅ ነገር ባጭሩ። እናትሽን ደብቀሽ ከሆነ የምትጠብቂው፣ አምጪውና ይያት። አንድ ከሰዓት አብሯት ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ የምትወስኚበት ነገር ይኖርሻል፤ አሁን የለሽም።

ስለ ስቅለቱ «በየሌሊቱ ጎንበስ ቀና የምትዪው ስግደት ሆኖ ይቆጠርልሻል» ብዬ ላጽናናሽ እችል ነበር። ይቆጠርልሽ ይሆናል። እኔ ግን ከሰው መሐል ሆነሽ፣ በዚያ በድሬ ፀሐይ፣ ግንባርሽ መሬት ነክቶ «ኪርያላይሶን» ስትዪ ባይሽ ነው የምመርጠው። ለአንድ ቀን የሌላውን መከራ ትሰሚያለሽ፣ የሌላው ሰው ድምፅ ያንቺን ጸሎት ይሸከምልሻል። እስከዚያው የፊታችን እሁድ ጎረቤትሽ ሲመጡ በሩን ክፈቺላቸው። ቅዳሴ መሄድ ካልቻልሽ ተኚ። ኤልያስም ተኝቷል።

የአማቴን ነገር ሳልጨርስልሽ ቀረሁ። በማግሥቱ ጠዋት ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ያችን ሁሌ የምመልሳትን ጎረቤቴን ጠራኋት። እሷ ገላቸውን ልታጥብ ገባች፤ እኔ ግቢ ውስጥ ኒም ዛፉ ሥር ምንጣፍ ላይ ጋደም አልኩ። ለአንድ አፍታ ብዬ። የነቃሁት ፀሐይዋ አናቴ ላይ ደርሳ፣ ምንጣፉ ጉንጬ ላይ ታትሞ ነው። ደንግጬ ሮጬ ስገባ አማቴ ታጥበው፣ ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ ትራስ ተደግፈው የቡና ገለባ ሐሸራ እየጠጡ ነው። ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። ጎረቤቴ ጨርቁን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ እኔ ስጨምቅ እንዴት እንደምሆን እያሳየቻቸው ነበር።